አሥራ ሰባተኛው ምስማር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው ገና በላክኸው ካርድ ላይ ደረጃ መውጣት እንዳቃተህ ጽፈህ ነበር። ደረጃ የሌለበት ቤት ተዛውረህ እንደሆነ፣ ወይስ እንደ ልማድህ ከደረጃው ጋር እልህ ተጋብተህ እንደሆነ አላውቅም። የአርካንሶ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደኅና ነኝ ልበል። የደም ግፊቱ አለ፣ ዘንድሮ ደግሞ ስኳር ተጨምሮበታል። ሐኪሙ የተጠበሰ ነገር ከልክሎኛል፤ እኔም ሐኪሙን ከልክዬዋለሁ። የእማማን መቃብር ሣር በየወሩ አጭዳለሁ። ያቺ የተከልህላት የማግኖሊያ ዛፍ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በልጣለች፤ ብታያት አታውቃትም።

ይህ ደብዳቤ ረጅም ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ እኔና አንተ የተጻጻፍነው ሁሉ ቢደመር ይህን አያክልም። መነጽርህን ፈልግና ተቀምጠህ አንብበው፤ ቆመህ እንዳታነበው አደራ።

አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ላይ ሜልባ ትመጣለች፤ የጋሽ ኤልበርት ልጅ። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ይህን ጽፌ ካልጨረስኩ እንደገና እዋሻታለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። በወረቀት ላይ ከሰፈረ ግን መልሼ መዋጥ አልችልም፤ ለዚህ ነው አስቀድሜ ለአንተ የምጽፈው። እጄ ስለሚቸኩል ጽሕፈቴን ታገሠው።

ነገሩ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። የዓሣ አጥማጆች ክበባችን ከምስጋና በዓል በፊት ባለው ቅዳሜ ሃምሳኛውን ውድድር ያደርጋል። ታሪኩን የሚናገር መጽሔት ይታተም ተባለና፣ በሕይወት የቀረነው ሽማግሌዎች ተቆጥረን ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ። አሁን ሊቀ መንበሩ እኔ መሆኔን ነግሬህ ይሆን? ሌላ ሰው ሲጠፋ ነው የመረጡኝ፣ አትሳቅ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ደስ ይል ነበር። በ1968 በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቁ በር ላይ በጭቅጭቅ እንደተጀመረ ጻፍኩ። ስለዚያ አፈ ሰፊ አረንጓዴ ዓሣ፣ ስለ ባስ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች የኔ ይበልጣል የኔ ይበልጣል ብለው ኮሌታ ለኮሌታ ሲተናነቁ፣ ጋሽ ኤልበርት ምስማር የሚመዝኑበትን ሚዛን ከሱቁ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡና፣ ሰው ዝም ይበልና ዓሣው ይናገር አሉ። የመጀመሪያው ዓመት አሥራ አንድ ሰው፣ በአሉሚኒየም ጀልባ። አሸናፊው ዓሣ ያኑ ቀን በበቆሎ ዱቄት ተለውሶ ተጠብሶ ተበላ፤ ፎቶግራፍ ያነሣው እንኳ የለም። ከዚያ ዓሣውን ሕያው አድርጎ በጀልባው ገንዳ ይዞ መምጣትና መልሶ ወደ ሐይቁ መልቀቅ መጣ፤ የሞተ ያመጣ ይቀነስበት ጀመር። ከዚያ ደግሞ ክብደቱ እንዲጨምር ሆዱ ውስጥ የእርሳስ ብረት የተጠቀጠቀ ዓሣ አንድ ሰው ይዞ ቢመጣ፣ አሸናፊውን በውሸት መመርመሪያ ማሽን ፊት ማስቀመጥ መጣ።

ያን ማሽን አንተ አልደረስህበትም። ባለሙያው ሽቦውን በሰውየው ጣትና ደረት ላይ ያስራል፤ ጥያቄውን የማነብለት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንብቤያለሁ። ‹በዛሬው ውጤትህ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ገብቶበታል?› የሚለው አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ሰዉ ጉንፋን ይመስለዋል። አንድ ጊዜ ባለሙያው እየሳቀ፣ ሽቦውን አንተ ላይ ባስረው ማሽኑ ይፈነዳል መሰለኝ አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ምሳ ግን አልበላሁም።

ከዚያ ስለ ሰሌዳው መጻፍ መጣ፤ እዚያ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ሰሌዳውን ታስታውሰዋለህ። ሃያ አራት ምስማር የተመታበት የጥድ ጣውላ፤ በየምስማሩ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት የናስ ታርጋ። የጀልባው አለቃ ጠዋት ታርጋውን በገዛ እጁ አንሥቶ በኪሱ ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ በገዛ እጁ ይሰቅላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ባዶ ምስማር ካለ አንድ ጀልባ ሐይቁ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሁለቱ የፍለጋ ጀልባዎች ይነሣሉ። የዘገየ ሰው በደቂቃ አንድ ፓውንድ ይቀነስበታል፣ ሩብ ሰዓት ካለፈ ከውድድሩ ይወጣል። የሰው ታርጋ የሰቀለ ግን፣ ሰቃዩም ባለታርጋውም ዕድሜ ልካቸውን ይባረራሉ። ሌላውን ሕግ ሁሉ ስንከራከርበት ኖረናል። በዚህኛው ላይ አፉን የከፈተ ሰው አላየሁም፤ ጋሽ ኤልበርት ያወጡት ሕግ ነበርና፤ ሰሌዳውን የሚጠብቁትም እሳቸው ነበሩ።

ስለ 1981 ውድድር በረቂቁ ውስጥ የጻፍኩት አንድ መስመር ነው። ‹በዚህ ዓመት በሰሌዳ ጠባቂው የቆጠራ ስሕተት ፍለጋው ዘግይቶ አንድ ተወዳዳሪ ሕይወቱ አለፈ።› ይኸው ነው። ክበቡ ያን ጊዜ በቃለ ጉባኤ ያሰፈረውን ነው የገለበጥኩት፤ ለራሴም እንዲያ ብዬ ነገርኩት።

ሜልባ ረቂቁን ከማተሚያ ቤቱ ሰው አግኝታ አነበበችው። ባለፈው ማክሰኞ መጣች። እንድትቀመጥ ብለምናት እምቢ አለች። የአባቷን የኪስ ማስታወሻ ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ የዚያን ቀን ገጽ ገለጠችልኝ። በጋሽ ኤልበርት ጠማማ ፊደል፣ ሃያ አራቱም ቁጥሮች በተራ ተጽፈዋል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ምልክት አለ። ከአሥራ ሰባትም ጎን አለ። ከሥሩ ‹ዘጠኝ ሰዓት፣ ሁሉም ገብቷል› ይላል።

"አንተ ከጎናቸው ነበርህ፤" አለችኝ። "ሌላ ነገር አልጠይቅህም። አሥራ ሰባት ተሰቅሎ ነበር ወይስ አልነበረም?"

አላስታውስም አልኳት።

"አታስታውስም?" አለች። "የሠላሳ ዓመት ዓሣ ክብደት በአውንስ የምትቆጥር ሰውዬ?"

ደብተሩን ጥላልኝ ወጣች። ሐሙስ በአራት ሰዓት ተመልሳ እንደምትመጣ፣ እስከዚያ የማስታወስ ችሎታዬን እንድፈልገው ነግራኝ ሄደች። ዛሬ ሐሙስ ነው።

እንግዲህ ልንገርህ። አንተ ውሃ ላይ ስለነበርህ ዳር የሆነውን አታውቅም፤ ወይም አታውቅም ብዬ ነው የኖርኩት።

የፍጻሜው ቀን ጠዋት የበጋ ያህል ይሞቅ እንደነበር ታስታውሳለህ። እኔ ያን ዓመት ማጣሪያውን ስላላለፍኩ ሚዛን ላይ መድበውኛል፤ ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅህም። አንተ ሁለት ቀን ሙሉ መርተሃል፤ ብልጫህ ግን አንድ ፓውንድ አይሞላም። አንድ ደቂቃ ብትዘገይ ዋንጫው ይሄዳል ማለት ነው። ዕጣው ደግሞ ከዶይል ጋር አንድ ጀልባ ላይ አገናኘህ። ያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒክ፣ ያ በቤተ ክርስቲያን ዜማውን ሁሉ የሚያጣምመው ዶይል፣ እንኳን ሊፎካከርህ ይቅርና አብሮህ መቀመጡ ራሱ ደስ ብሎት ነበር። ታርጋህን ከሰሌዳው አንሥተህ በጃኬትህ የደረት ኪስ ከተትኸው። ጀልባው ሊነሣ ሲል ሞቀኝ አልህና ያን ቡናማ የሸራ ጃኬት አውልቀህ ወደ እኔ ወረወርኸው። እኔም ፒክአፔ ውስጥ አስቀመጥኩት። ታርጋው ኪሱ ውስጥ መቅረቱን ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ዞረ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባ ጀመር፤ ሐይቁም ጠቆረ። ኮቴን ልወስድ ወደ መኪናዬ ስሄድ ያንተንም ስትመጣ እንድትለብሰው አነሣሁት። ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ቅጭል አለ። አወጣሁት፤ አሥራ ሰባት።

አሁን ምን ይደረጋል አልኩ። ስትመጣ ሮጬ እሰጥሃለሁ፣ አንተ በገዛ እጅህ ትሰቅለዋለህ፣ አለቀ። በዚህ ተጽናናሁ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ገቡ፤ ሰዉ ሁሉ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ታርጋውን ሰቀለ። ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ሲሆን የቀረው ያንተ ምስማር ብቻ ነበር።

ለዘጠኝ ሁለት ጉዳይ ላይ ጥድ ካለበት የዳርቻው ጫፍ ጀርባ ቀይ ጀልባ ብቅ አለ። ነጭ መስመር ያለው ቀይ ጀልባ፤ ያንተው ዓይነት። ወንድሜ መጣ አልኩ። ነገር ግን ሩቅ ነው፣ ማዕበሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ በሁለት ደቂቃ አይደርስም። ጋሽ ኤልበርት ዞር ብለው ለአንድ ሰው ገመድ ሲቀበሉ፣ እኔ እጄን ዘርግቼ ሰቀልኩት።

እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ጋሽ ኤልበርት ዞሩ፤ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፣ በደብተራቸው ምልክት አደረጉ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው ሁሉም ገብቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። የፍለጋ ጀልባዎቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ያ ሞተር ሲጠፋ የተሰማኝን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ቀዩ ጀልባ ዘጠኝ ከአምስት ላይ ዳር ደረሰ። ሁለት ዳክዬ አዳኞች ነበሩ። ውሻ ነበራቸው። ውሻው ዘልሎ ወርዶ እግሬ ሥር ውሃውን አራገፈ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ግን ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ፤ አሁን ይመጣል አልኩ። ዝም ብል ዘግይቶ መድረሱን ማንም አያውቅም፤ ብናገር ደግሞ ሕጉ ሁለታችንንም ዕድሜ ልክ ያባርረናል። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የደከምህበትን ዋንጫ በእኔ ምላስ ላስጥልህ? ስለዚህ ምላሴን ነክሼ ሐይቁን ሐይቁን አየሁ። ዘጠኝ ከአሥር ሆነ።

ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ብለህ አንብብልኝ፤ ማንም ሳይፈርድብኝ እኔ ራሴ ደጋግሜ የፈረድሁበት ቦታ ነው። ከዘጠኝ ከሩብ በኋላ ብትመጣም ከውድድሩ ወጥተሃል። ዋንጫው የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የማድነው ያንተን ዋንጫ አልነበረም፤ ራሴን ነበር።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ ገብቶ ሚዛኑ ተጀመረ። የመሪው ጀልባ መጨረሻ ላይ ስለሚመዘን የእናንተን አለመኖር ልብ ያለው ሰው የለም። እኔ ዓሣ አነሣለሁ፣ ክብደት እጠራለሁ፤ እጄ ሥራውን ይሠራል፣ ዓይኔ ሐይቁ ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ስምህ ተጠራ። እንደገና ተጠራ። ጋሽ ኤልበርት ወደ እኔ ዞረው ወንድምህ የት ሄደ አሉኝ።

"መኪና ውስጥ ልብስ እየቀየረ ነው፤" አልኩ።

ታርጋውን ከመስቀሌም ይልቅ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ታርጋውን ስሰቅል ቀይ ጀልባ አይቼ ነበር። ይህን ስናገር ግን ምንም አላየሁም።

አሥር ከሃያ ላይ ጋሽ ኤልበርት ራሳቸው ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደው የጀልባህን ተሳቢ ባዶውን አገኙት። እየሮጡ ተመለሱ። በሰሌዳው ፊት ለአንድ አፍታ ቆመው አሥራ ሰባትን በጣታቸው ነኩትና "ይኸው አለ እኮ" አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው ነው። ከዚያ ጥሩምባውን ነፉ፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ጀልባው ሮጠ። ያን ሲሉ የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀሪውን ታውቀዋለህ። የፍለጋ ጀልባዎቹ ገና ርቀው ሳይሄዱ፣ መረቡን ሊያይ የወጣ አንድ ሽማግሌ ጀልባችሁ ተገልብጦ ከተንጠለጠላችሁበት፣ ሐይቁ ከዋጠው የፔካን ለውዝ እርሻ ዛፎች ላይ አንሥቷችሁ ይዞ መጣ። ዶይል በሽማግሌው ጀልባ ወለል ላይ ተኝቷል፤ አንተ ልታሞቀው በላዩ ተደፍተህ። ከላይህ ላይ ያለውን ሹራብ ሳይቀር አልብሰኸው ነበር። እኔ ዶይል ላይ ወድቄ አምቡላንሱ እስኪመጣ ደረቱን ስጫን ቆየሁ። ከኋላዬ የሆነውን አላየሁም። ቀና ስል አንተን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወስደውሃል፣ ሰዉ በሰሌዳው ዙሪያ ተሰብስቧል፤ አሥራ ሰባተኛው ምስማር ባዶ ነው።

ነፋስ ጣለው አልኩ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መጥቼ ጭቃውን በእጄ ፈተሽኩት። አጣሁት። ነፋሱ ሐይቁ ውስጥ ከቶታል አልኩና ተውኩት።

ሰኞ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስትጠየቅ ከሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ታርጋህ የት ነበር አሉህ። "ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሐይቁ ውስጥ ገባ" አልህ። ጃኬትህ እኔ ቤት በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ነበር እኮ! ድንጋጤው ነው፣ ቀልቡ አልተመለሰም፣ ተምታቶበት ነው አልኩ በልቤ። እና ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ፣ ያንተ መምታታት አዳነኝ ብዬ።

ዶይል እስከ መቼ እንደኖረም ጠየቁህ። እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ሲዘምር ነበር አልህ። ዜማውን እያጣመመ፣ አንተም እንዳያንቀላፋ እየተቀበልኸው። ዘጠኝ ከአምስት ላይ ጀልባ ቢነሣ እስከ ፔካኑ ሃያ ደቂቃ ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሠራው መልሱ አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም። ሚስቱም እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ጣሪያዋን አድስላት ነበር፤ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነህ ትለኛለች፣ እኔም አመሰግናለሁ እላለሁ።

አንተን ማዕበል እያየህ ዓሣ ስታሳድድ ሰው አስገደልህ ብለው አምስት ዓመት አገዱህ። አንተ ግን ከዚያ ወዲያ የማጥመጃ ዘንግ አልጨበጥህም፤ በጥር ዕቃህን ጭነህ ሄድህ። ጋሽ ኤልበርትን ደግሞ የክበቡን ቁልፍ ተቀበሏቸው። ሰውየው ከዚያ በኋላ በነዳጅ ማደያው በር ላይ ተቀምጠው ለመጣ ለሄደው፣ ተሰቅሎ ነበር፣ በጣቴ ነክቼዋለሁ ሲሉ ኖሩ። የሰማቸው የለም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከዚያም አእምሯቸው ደክሟል ተባለ። የሠፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ጋሽ አሥራ ሰባት ይላቸው ጀመር። እኔ ነዳጅ ስቀዳ ቀና ብለው ያዩኛል። "አንተ አይተሃል፣ አይደለም?" ይሉኛል። "ልብ አላልኩም ጋሽ ኤልበርት" እላለሁ። ከዚያ ሌላ ማደያ መሄድ ጀመርኩ። በ1989 ሞቱ፤ ሣጥናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። ልፍጠን።

ሜልባ ጥላልኝ በሄደችው ደብተር ውስጥ የተጣጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አለ። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ያን ሳምንት ጋዜጣ ቤቴ አልገባም። አንተ በብርድ ልብስ ተጠቅልለህ ቆመሃል፤ ሰሌዳው ከጀርባህ ነው። ማጉያ መስታወት አምጥቼ አየሁት። አሥራ ስድስት አለ። አሥራ ስምንት አለ። በመካከላቸው ባዶ ምስማር። ሃያ ሦስቱን ትቶ አንዱን መርጦ የሚያወርድ ነፋስ ምን ዓይነት ነው? ግራ እጅህ የብርድ ልብሱን ጫፍ ወደ ደረትህ ሰብስቧል። ቀኝ እጅህ ግን ወደ ጎንህ ወርዶ ተጨብጧል፤ አጨባበጡ የበረደው ሰው አጨባበጥ አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ያን እጅ ሳይ ዋልኩ።

ከዚያ ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። ጃኬትህን የት አደረግኸው ብለህ አንድም ቀን አልጠየቅኸኝም። ስትሄድ በሩ ላይ አቅፈኸኝ፣ አንተ ጎበዝ ሁን፣ እናታችንን ጠብቅ፣ ሌላውን እርሳው ያልኸኝን እንደ ስንብት ነበር የቆጠርኩት። በየገናው ካርድህ ላይ ስለ ሐይቁ አንድ ቃል ጽፈህ አታውቅም። ቅር ብሎት ነው እል ነበር። ወይ አለማወቅ!

አልጠይቅህም። መልስም አልፈልግም።

ማተሚያ ቤቱ ያቺን ገጽ እስከ መጪው ዓርብ ይይዝልኛል። አዲሱን ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ይላል። ‹በ1981 በሰሌዳው ላይ አሥራ ሰባት ተሰቅሎ ነበር። ጋሽ ኤልበርት በትክክል ቆጥረዋል።› ከዚያ ማን እንደሰቀለው፣ በምን ሰዓት እንደሰቀለው፣ እስከ ስንት ሰዓት ዝም እንዳለ፣ ልብስ እየቀየረ ነው ያለው ማን እንደሆነ፤ ስሜን ሙሉውን እስከ አያታችን ድረስ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ ሕጉ ዕድሜ ልክ ነው የሚለው፣ የቀረኝ ዕድሜ ደግሞ ለቅጣቱ አይበቃም። ሜልባ ምን እንደምታደርገኝ አላውቅም። እሷን ነው የምፈራው፤ ከማሽኑም ከክበቡም በላይ እሷን።

ማን እንዳወረደው ግን አልጻፍኩም። አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም።

አንድ ነገር ብቻ። ለሃምሳኛው በዓል የድሮውን ሰሌዳና የድሮዎቹን የናስ ታርጋዎች እንጠቀም ተባለ። ሣጥኑን ከጓዳ አውርጄ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። ልጆቹ የጎደለውን አዲስ እናሠራ አሉ፤ እኔ አይሠራም አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ተቆጣሁ፤ ሊቀ መንበር መሆን ለዚህ ይጠቅማል። ምስማሩ ባዶውን ይጠብቃል። ከአርካንሶ እዚህ ስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ጉልበትህን የሚያስቸግር ደረጃ በመንገዱ የለም፣ ሰሌዳውም ቁመትህ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ ከሰሌዳው አሥር እርምጃ ርቄ እቆማለሁ፤ ሁለቱንም እጆቼን ኪሴ ከትቼ።

የመኪና ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት አየኋት፤ ሞተሩን አጥፍታ መሪውን እንደያዘች ተቀምጣለች፣ እሷም ፈርታለች መሰለኝ። ደብዳቤውን በፖስታ አድርጌ፣ ቴምብሩን ለጥፌ፣ በሩን ስከፍትላት ለራሷ ሰጥቼ ፖስታ ቤት እንድታደርስልኝ እለምናታለሁ። እንዲያ ካደረግሁ ማምለጫ የለኝም።

ጉልበትህን ያበርታልህ። ብርዱን ያቅልልህ። በመንገድ ብትወጣ መንገዱን ያሳጥርልህ፤ ብትቀርም የቀረህበት ቤት ሰላም ይሁን። ስለኔ የተሸከምኸውን ሁሉ ዛሬ ከጫንቃህ አውርድ፤ ከአሁን ጀምሮ የኔ ነው።

ጃኬትህን በበሩ ጀርባ ሰቅሎ ያቆየልህ
ታናሽ ወንድምህ